ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ እንዲያገኝ፦ የዳታቤዝ ፍለጋን ለየተጠቃሚው መገደብ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቁጭ ብያለሁ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ፊቴ ቀርቧል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አጥንት እስክወረውርላቸው ዙሪያዬን ቆመው ይጠብቃሉ። ስልኬ ጠራ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ምን ሠርተሽልን ነው የሄድሽው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ላለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የወላጆች መግቢያ ሠርቼ ነበር። ወላጅ በስልኩ ይገባል፤ የልጁን ውጤት፣ የቀረበትን ቀንና ያልተከፈለ ክፍያ ያያል። አንዲት እናት ማታ መፈለጊያው ላይ «ናትናኤል» ብለው ጻፉ። ልጃቸው ነው። ሰባት ናትናኤል መጣላቸው። የሰባቱም ክፍል፣ የሰባቱም የአባት ስም፣ የሰባቱም ቀሪ ሂሳብ። ከሰባቱ አንዱ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ የሦስት ወር ክፍያ አለበት። ጠዋት ቡና ላይ ወሬው ደረሰ። ጎረቤትየው ለዳይሬክተሯ ደወሉ፣ ዳይሬክተሯ ለእኔ።

ዓሣውን ለአባ ኮዳዎቹ ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ፍለጋውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። ምክንያቱን መፈለግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እናንተም እንዲህ ዓይነት ስልክ ከመጣላችሁ መጀመሪያ ዝጉ። «ቆይ ልየው፣ ምናልባት ትንሽ ነገር ነው» እያላችሁ ክፍቱን አታቆዩት።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳስተካከልኩት ነው የምነግራችሁ። የእናንተ ሥራ ትምህርት ቤት ላይሆን ይችላል። ክሊኒክ ሊሆን ይችላል፤ ቁጠባ ማኅበር ወይም ብዙ የሽያጭ ሠራተኛ ያለው ጅምላ አከፋፋይ ሊሆን ይችላል። ሰው ገብቶ የሚፈልግበት፣ የሚያገኘው ግን እሱን የሚመለከተውን ብቻ መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ አንድ ነው። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው፤ ኪቦርዱ ላይ እንደለመዳችሁት መልሷቸው።

አንዲት «ኦር»

ገደብ አልነበረውም እንዳትሉኝ። ነበረው። ኩዌሪው (ዳታቤዙን የምንጠይቅበት ትእዛዝ) መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፤ 41 የእናትየዋ መለያ ቁጥር ናት፦

ዌር ስም ላይክ '%ናትናኤል%' ኦር የአባት_ስም ላይክ '%ናትናኤል%' ኤንድ ወላጅ = 41

ስታዩት «ስሙ ወይም የአባቱ ስም ናትናኤል ይሁን፣ ወላጁ ደግሞ 41 ይሁን» የሚል ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያነበብኩት። ዳታቤዙ ግን እንደዚያ አያነበውም። ሂሳብ ላይ ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድም ሁሉ ኤንድም ከኦር ይቀድማል። ስለዚህ እሱ የገባው «ስሙ ናትናኤል የሆነ ሁሉ ይምጣ፤ ወይም ደግሞ የአባቱ ስም ናትናኤል ሆኖ ወላጁ 41 የሆነ ይምጣ» ተብሎ ነው። ኤንዷ የተጣበቀችው ከሁለተኛው ጋር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ያለ ጠባቂ ቀረ።

እንዴት ሳላየው ቀረሁ? መጀመሪያ ስሠራው ፍለጋው በስም ብቻ ነበር። ኦር የለም፤ ሁሉም ልክ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የሪከርድ ክፍሏ ልጅ «በአባት ስምም ልፈልግ» አለችኝ። ፍለጋው ለወላጅም ለሠራተኛም አንድ ስለነበር አንድ መስመር ጨመርኩ። ሞከርኩት፤ ሠራ። የሞከርኩበትን ተማሪ ስም ግን «ሙከራ አንድ» ብዬው ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ሌላ ሙከራ አንድ የሚባል ልጅ ከየት ይመጣል?

ማስተካከያው ቅንፍ ነው። ሁለቱን የስም ፍለጋዎች በአንድ ቅንፍ ውስጥ አስገቡ፤ ኤንዷን ከቅንፉ ውጪ አድርጓት። ላራቬል በሚባለው የፕሮግራም ማዕቀፍ የምትሠሩ ኦርዌርን በባዶው አትጥሩት፤ ዌር ውስጥ ፈንክሽን ከፍታችሁ ኦሮቹን ሁሉ እዚያ ውስጥ አስገቧቸው። ሌላው ማዕቀፍ ጃንጎ ላይ ፊልተርን ደጋግማችሁ ስትጠሩ እያንዳንዱን ለይቶ በኤንድ ስለሚያያይዘው በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላል።

ቅንፉን ጨምሬ ልተወው እችል ነበር። ግን ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። ተማሪ የሚፈለግባቸው 14 ቦታዎች አገኘሁ። «ወላጅ =» የሚል ነገር ያለው 9ኙ ላይ ብቻ ነው። አምስቱ ጋ ረስቼዋለሁ። ቅንፍ የረሳሁትን አያስታውሰኝም። ነገ 15ኛውን ስጽፍም እረሳለሁ። ስለዚህ አሠራሩን ከሥሩ መቀየር ነበረብኝ።

መጀመሪያ ወረቀት

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ማን ከማን ጋር ይዛመዳል? ሲመልሱት ግን ቀላል አይደለም።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ተማሪ የሚለው ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ «ወላጅ» የሚል አንድ ኮለም (ዓምድ) ማድረጌ ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ ወላጅ። አባትም እናትም መግባት ሲፈልጉስ? ሁለቱም በአንድ ፓስዎርድ ይገቡ ነበር። ተለያይተው የሚኖሩስ? ልጁ አያቱ ጋ ሆኖ ክፍያውን የሚልከው ዱባይ ያለች አክስት ብትሆንስ? ይህ ሁሉ እኔ የሠራሁለት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር።

ሌላም ያሰብኩት ነበር፤ እግዚአብሔር አወጣኝ እንጂ። በአባት ስም ማዛመድ። አባቱ ተስፋዬ የሆነ ተማሪ፣ ስሙ ተስፋዬ ከሆነ ወላጅ ጋር ይገናኝ ብዬ ነበር። ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ስላላቸው በእነሱ ምሳሌ ስንማር እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣል። እኛ ጋ ግን አይሠራም። በየክፍሉ ሁለት ሦስት የተስፋዬ ልጅ አለ፤ ወንድማማች አይደሉም። እናት ደግሞ ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ስም የላትም፤ የእሷ የአባት ስም የእሷ አባት ነው። ስልክ ቁጥርም አያዋጣም። አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ የሚጠቀም አለ፤ ቁጥሩን የቀየረ አለ፤ ምዝገባ ላይ የሠራተኛዋን ቁጥር ያስያዘ አለ።

ዝምድናን ከስም አትገምቱ። ራሱን የቻለ ቴብል ስጡት። እኔ «ዝምድና» ብዬ ጠራሁት። አምስት ኮለም አለው፦ ተጠቃሚ፣ ተማሪ፣ ዓይነት፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ። ዓይነት የሚለው እናት፣ አባት፣ አሳዳጊ ወይም ከፋይ ነው። ከፋይዋ አክስት ሂሳቡን ታያለች፣ ውጤቱን ግን አታይም። አንድ ተጠቃሚና አንድ ተማሪ በአንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገቡ ዩኒክ አደረግኩት።

«እስከ መቼ» የምትለዋን ኮለም አትዝለሏት። ዝምድና ያልቃል። ልጁ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ፍርድ ቤት አሳዳጊ ይቀይራል። ረድፉን ከማጥፋት ቀን መጻፍ ይሻላል፤ በኋላ «ያኔ ማን ማየት ይችል ነበር?» ሲባል መልስ ይኖራችኋል። ደግሞ አንዱን ወላጅ ከልጁ የማቋረጥ ውሳኔ የፕሮግራመር ሥራ አይደለም። አንድ አባት ራሳቸው ደውለው «የእሷን ዝጊልኝ» ብለውኛል። «ጋሼ፣ ዳይሬክተሯን ያነጋግሩ» አልኳቸው። እኔ የምሰጠው ኮለሙን ነው፤ ቀኑን የሚጽፈው ሪከርድ ክፍል ነው፤ የሚወስኑት ዳይሬክተሯ ናቸው።

መምህር ከተማሪ ጋር በቀጥታ አይዛመድም። የሚዛመደው በክፍልና በዓመት ነው። የ4ሀ ሒሳብ መምህር የ4ሀን ልጆች ያያል፣ በዚያ ዓመት። ስም ጠሪ ከሆነ የሌሎቹንም ትምህርቶች ውጤት ያያል። መስከረም ላይ ክፍል ሲቀየር የድሮዎቹ ልጆች ከፍለጋው መውጣት አለባቸው፤ ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ዝምድናው ውስጥ ይግባ። የሰርቪሱ ሹፌር የመኪናውን ልጆች ስምና መውረጃ ብቻ ያያል። ገንዘብ ያዧ ሁሉንም ልጆች ታያለች፣ ሂሳብ ብቻ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይታችሁ ያዙ። የትኛው ልጅ ይታያል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። የልጁ የትኛው መረጃ ይታያል የሚለው ሌላ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቄ አንድ ሳምንት ባከንኩ። የመጀመሪያውን ዝምድና ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ለየሥራው በሚሠራ ገጽና በኮለም ፈቃድ መመለስ ይቻላል። አሁን የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

ፍለጋው ከሰውየው ይጀምር

ድሮ እንዲህ ነበር የማስበው፦ ተማሪዎችን ሁሉ አምጣ፣ ከዚያ የማይመለከተውን ቀንስ። አሁን ተገላቢጦሽ ነው፦ ይህ ሰው ማን ነው? የእሱ ተማሪዎች እነማን ናቸው? ከእነሱ መካከል ናትናኤል የቱ ነው?

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከሁሉም ተማሪ ጀምራችሁ መቀነስ ብትረሱ ሁሉም ይወጣል። ከሰውየው ጀምራችሁ ፍለጋውን ብትረሱ ግን የሚወጣው የራሱ ሁለት ልጅ ነው። መርሳት አይቀርም። ስትረሱ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን መምረጥ ትችላላችሁ።

ኮዱ ውስጥ ይህ ማለት አንድ በር መሥራት ነው። «የዚህ ተጠቃሚ ተማሪዎች» የሚል አንድ ፈንክሽን ጻፉ። ተጠቃሚውን ይቀበላል፣ ወላጅ ይሁን መምህር ይሁን ሹፌር እሱ ያውቃል፣ የተገደበ ኩዌሪ ይመልሳል። 14ቱም ቦታዎች በእሱ በኩል ይለፉ። ጃንጎ ከሆነ የቪውውን ጌት ኩዌሪሴት እዚህ ላይ አሳርፉት። ላራቬል ከሆነ ከተጠቃሚው ሞዴል ተነስታችሁ በሪሌሽኑ በኩል ሂዱ። ግሎባል ስኮፕ የሚባለውም አለ፤ ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር ገደቡ በራሱ ይጨመራል። ደስ ይላል፤ ግን ሞዴሉን አልፋችሁ ዲቢ ቴብል ብላችሁ በቀጥታ ከጠራችሁ አይሠራም። ሪፖርት የምንጽፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ነው።

ኩዌሪው ራሱ ይህን ይመስላል፦

ሰሌክት ቁጥር፣ ስም ፍሮም ተማሪ ዌር ኤግዚስትስ (ሰሌክት 1 ፍሮም ዝምድና ዌር ዝምድና.ተማሪ = ተማሪ.ቁጥር ኤንድ ዝምድና.ተጠቃሚ = 41 ኤንድ ዝምድና.እስከ ኢዝ ነል) ኤንድ (ስም ላይክ '%ናትናኤል%' ኦር የአባት_ስም ላይክ '%ናትናኤል%')

ኢዝ ነል ማለት ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ማለት ነው። ሁለቱን ቴብሎች የሚያጣምረውን ጆይን መጠቀምም ይቻላል። እኔ ኤግዚስትስን የመረጥኩት በአንዲት መምህርት ምክንያት ነው። መምህርቷ እዚያው ያስተምራሉ፤ ልጃቸውም እዚያው ይማራል፤ ክፍያውን የሚከፍሉትም እሳቸው ናቸው። እናትም ከፋይም ተብለው ሁለት ረድፍ አላቸው። በጆይን ስፈልግ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሂሳቡም ሁለት እጥፍ ሆኖ ተደመረ። ድግግሞሽ የሚያስወግደውን ዲስቲንክት ብትጨምሩ ዝርዝሩ ይስተካከላል፣ ድምሩ ግን ሌላ ቦታ ላይ ይከዳችኋል። ኤግዚስትስ «አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሁለት ጊዜ አለ ብሎ አይመልስም።

41 የምትለዋ ቁጥር ከየት ትምጣ? ከሴሽኑ። ሰውየው ሎግኢን ሲያደርግ ሰርቨሩ ራሱ ካወቀው። ከአድራሻ መስመሩም ሆነ ከተደበቀ የፎርም ሳጥን አትቀበሏት። አድራሻው ላይ 41ን 42 ማድረግ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሥራ ነው። እውነቴን ነው፤ የሞከሩት ተማሪዎቹ ናቸው።

ኢንዴክስ፣ ማለትም ዳታቤዙ ረድፉን ቶሎ የሚያገኝበትን ማውጫ፣ አትርሱ። ዝምድና ላይ ተጠቃሚና ተማሪን አንድ ላይ ኢንዴክስ ካደረጋችሁ ገደቡ ፍለጋውን አያዘገይም። እንዲያውም ለወላጅ ያፈጥነዋል፤ ሺህ ተማሪ ከማገላበጥ ሁለት ልጅ ማየት ይቀላል።

የኋላ በሮች

ዋናውን ፍለጋ አስተካክዬ ስጨርስ ለጓደኛዬ አሳየኋት። እሷም ፕሮግራመር ናት፤ አቶቴ ነው የምትኖረው። ምንም ሳትናገር አንድ ፊደል ጻፈች፦ «ና»። ከሳጥኑ ሥር የስም ጥቆማዎች ተዘረገፉ። ናሆም፣ ናርዶስ፣ ናትናኤል፣ ከነክፍላቸው። ጥቆማ የሚያመጣው ሌላ ኩዌሪ ነበር፤ በሩ ጋ አልደረሰም።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ እነዚህን ሁሌ አያቸዋለሁ። አንደኛ ቁጥሩ፦ ዝርዝሩ አንድ ልጅ አሳይቶ ከላይ «7 ውጤት ተገኝቷል» ካለ ወሬ አወጣ ማለት ነው። ወደ ኤክሴል የሚያወርደው ቁልፍም አለ፤ ብዙ ጊዜ ለዳይሬክተሩ ተብሎ ይሠራና ለሁሉም ይቀራል። የሪፖርት ካርዱ ፋይል ሊንክስ? ሊንኩ በቴሌግራም ቢላክ ሎግኢን ሳይጠይቅ ይከፈታል? እንግዲህ ፍጥነት ብላችሁ የምታስቀምጡት ካሽ አለ። እኔ «ፍለጋ፦ናትናኤል» በሚል ስም አስቀምጬው ነበር። የመጀመሪያው ፈላጊ ዳይሬክተሯ ከሆኑ ቀጥሎ የፈለገው ወላጅ የእሳቸውን ውጤት ያገኛል። የካሽ ስሙ ውስጥ የተጠቃሚው ቁጥር መግባት አለበት።

የአንድን ልጅ ገጽ መክፈትም ፍለጋ ነው። ዝርዝሩን ገድባችሁ «ተማሪ 118» የሚለውን ገጽ ክፍት ብትተዉት አጥሩን ሠርቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። 118ን ከተማሪዎች ሁሉ አትፈልጉት፤ ከሰውየው ተማሪዎች መካከል ፈልጉት። ከሌለ «አልተገኘም» በሉ፤ ማለትም 404። «አልተፈቀደልዎትም» ካላችሁ እንዲህ ዓይነት ልጅ መኖሩን ነገራችሁ ማለት ነው። ኦዋስፕ የተባለው ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዌብ ደኅንነት ስጋቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው ይህንኑ የተሰበረ የመግቢያ ቁጥጥር ነው። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ።

በብሮውዘሩ ላይ መደበቅ መገደብ አይደለም። ሁሉንም ልካችሁ በጃቫስክሪፕት ብትደብቁት መረጃው ስልኩ ላይ ደርሷል። ሰርቨሩ ላይ ሃያ ረድፍ ካመጡ በኋላ በሉፕ መቀነስም ሌላ ጣጣ አለው። ከሃያው አንዳንዴ አንድም አይተርፍና ገጽ አንድ ባዶ፣ ገጽ አምስት ላይ አንድ ልጅ ይሆናል። ገደቡ የረድፉን ብዛት ከሚቆርጠው ከሊሚት በፊት፣ ዳታቤዙ ውስጥ ይሁን።

የአማርኛ ፍለጋ ደግሞ የራሱ የኋላ በር አለው። የከተማችንን ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ እያልን ነው የምንጽፈው። ሐና እና ሀና፣ ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ሠላም እና ሰላም አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያመጣ ፈንክሽን ጻፍኩ። ከነእንዚራናቸው ነው፤ ሐን ብቻ ቀይራችሁ ሑን እንዳትተዉ። «ሃ» እና «ሓ»ም ከመጀመሪያው ሀ ጋር ይግቡ፤ «ዓ» እና «ኣ»ም ከአ ጋር። ሰው ሲጽፍ አይለያቸውም። የተስተካከለውን ስም ለብቻው «ፍለጋ» በሚል ቴብል ውስጥ አስቀመጥኩ። በራሴ ኮራሁ። ያ ቴብል ግን ዝምድናን አያውቅም ነበር። አዲስ ቅጂ በሠራችሁ ቁጥር አዲስ በር ከፈታችሁ ማለት ነው። በኋላ የተስተካከለውን ስም እዚያው ተማሪ ቴብል ውስጥ እንደ አንድ ኮለም አደረግኩትና ተገላገልኩ። ኢላስቲክሰርች የመሰለ ለብቻው የቆመ ፈላጊ የምትጠቀሙ ከሆነ የተጠቃሚ ገደቡን እዚያም ውስጥ መድገም አለባችሁ።

ሁለተኛው ቁልፍ

ይህ ሁሉ ሆኖ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ተቻኩዬ ኩዌሪ በቀጥታ ብጽፍስ? ስለዚህ ዳታቤዙ ራሱ እንዲጠብቅ አደረግኩ።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከ9.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ረድፍ በረድፍ የሚገድብ ጥበቃ አለው። ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ ይባላል። ቴብሉ ላይ ታበሩታላችሁ፤ ከዚያ «ይህ ረድፍ የሚታየው ይህ ሲሟላ ነው» የሚል ፖሊሲ ትጽፋላችሁ። እኔ የጻፍኩት ያንኑ ኤግዚስትስ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰነፍ ፕሮግራመር «ሰሌክት ኮከብ ፍሮም ተማሪ» ቢል እንኳ የሚወጣው የተጠቃሚው ተማሪ ብቻ ነው። አብርታችሁ ፖሊሲ ካልጻፋችሁ ምንም አይወጣም፤ እኔ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ይህ የለውም። እዚያ ቪው (እንደ ቴብል የሚታይ የተቀመጠ ኩዌሪ) ሠርቶ አፕሊኬሽኑ ቪውውን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ማይኤስኪውኤል ላይ ነበር፤ ጳጉሜ ላይ ተማሪ በሌለበት ወደ ፖስትግሬስ አዛወርኩት።

ያሰቃዩኝን ልንገራችሁ። ቴብሉን የፈጠረው ባለቤት ፖሊሲው አይመለከተውም። አፕሊኬሽኑ በባለቤቱ ስም ከገባ ሁሉንም ያያል፤ ፖሊሲው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ ቀን «ለምን አይሠራም?» እያልኩ ፈጅቻለሁ። ለአፕሊኬሽኑ ሌላ፣ አነስተኛ ሥልጣን ያለው ሮል (የዳታቤዝ ተጠቃሚ) ፍጠሩ፤ ቴብሉ ላይ ደግሞ ፎርስ የሚለውን ጨምሩበት። ሱፐርዩዘር ግን ምንጊዜም ያልፋል።

ዳታቤዙ 41 መግባቱን እንዴት ያውቃል? እናንተ ትነግሩታላችሁ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲጀምር ትራንዛክሽን (አብረው የሚያልቁ ትእዛዞች ጥቅል) ክፈቱ፤ በሴት ሎካል የተጠቃሚውን ቁጥር አስቀምጡ፤ ፖሊሲው በከረንት ሴቲንግ ያነበዋል። ሎካል የምትለዋ ቃል ወሳኝ ናት። ባዶ ሴት ብቻ ካላችሁ ቁጥሩ ኮኔክሽኑ ላይ ይቀራል፤ ያንኑ ኮኔክሽን ቀጥሎ የሚይዘው ሌላ ወላጅ 41 ሆኖ ይገባል። ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ አንዳንዴ ብቻ ስለሚከሰት ይዛችሁ አትደርሱበትም። ሎካል ግን ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ ይጠፋል። ሲጠፋም ነል ሆኖ ላይመለስ ይችላል፤ ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ስትሞክሩ ስህተት ይሰጣችኋል። ነልኢፍ ብላችሁ ባዶውን ወደ ነል ቀይሩት፤ ነል ከሆነ ማንም ምንም አያይም።

ቪው ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቪው የሚሠራው በፈጠረው ሰው ሥልጣን ነው፤ ፖሊሲውን ሊያልፈው ይችላል። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ሴኩሪቲ ኢንቮከር የሚል አማራጭ ስላለ አብሩት። የተማሪ ፖሊሲ ዝምድናን ጠይቆ፣ የዝምድና ፖሊሲ መልሶ ተማሪን ከጠየቀ ደግሞ ዳታቤዙ ዙሪያውን እንደሚዞር ነግሯችሁ ያቆማል። ዝምድና ላይ ያለው ፖሊሲ ቀላል ይሁን፦ ተጠቃሚው የራሱን ረድፎች ያያል፣ በቃ። ባክአፕ የምትወስዱትም በአፕሊኬሽኑ ሮል አይሁን።

ሙከራ

«ሙከራ አንድ»ን ቀበርኩት። አሁን የሙከራ ዳታዬ ውስጥ ሦስት ናትናኤል ተስፋዬ አሉ። የሦስት የተለያዩ ወላጆች ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወላጅ ደግሞ መምህርም ነው። ኮድ በተቀየረ ቁጥር በእያንዳንዱ ወላጅ ስም እየገባ 14ቱንም ቦታ የሚፈልግ ሙከራ ይሮጣል። የሌላ ሰው ልጅ አንድም ጊዜ ከታየ ኮዱ ወደ ሰርቨር አይሄድም።

ምን ብላችሁ ትፈልጉ? ሙሉ ስም ብቻ አይደለም። ምንም ሳትጽፉ ፈልጉ። አንድ ፊደል ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ። የፐርሰንት ምልክትና የታች ሰረዝ ጻፉ፤ ላይክ ውስጥ ሁለቱም «ማንኛውም» ማለት ናቸው። ነጠላ ጥቅስ ጻፉ። የልጁን ቁጥር አድራሻው ላይ ቀይሩ።

ደግሞ ዝምድና የሌለው ተጠቃሚ ፍጠሩ። ይህንን ማንም አይሞክረውም። የእኔ የድሮ ኮድ «የልጆቹ ዝርዝር ባዶ ካልሆነ ገድብ» ይል ነበር። ባዶ ከሆነስ? አይገድብም። ገና ተመዝግበው ሪከርድ ክፍል ያላገናኛቸው አንድ አባት ትምህርት ቤቱን በሙሉ ማየት ይችሉ ነበር። ማንም ያልደወለው እሳቸው መፈለጊያውን ስላልነኩት ብቻ ነው።

ማን መቼ ምን እንደፈለገም መዝግቡ። እኔ ያን ቅዳሜ ስንት ወላጅ የሰው ልጅ እንዳየ ተጠይቄ መልስ አልነበረኝም። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «አላውቅም» የሚለው መልስ ድሮም ያሳፍር ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ያስጠይቃል።

ፍለጋውን መልሼ የከፈትኩት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። በማግስቱ ያቺው ናትናኤልን የፈለጉ እናት ደወሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ልቤ ወደቀ። «ልጄ፣ ናቲ መጥቷል፤ እህቱ ግን የለችም» አሉኝ። አየሁት። እህትየዋ ኬጂ ስትመዘገብ የተገናኘችው ከአባቷ ጋር ብቻ ነበር። ሪከርድ ክፍል ሄደው መታወቂያቸውን እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። ከምሳ በፊት አንድ ረድፍ ተጨመረ፤ ልጅቷም ታየች።